ሚያዝያ 27 እና መጋቢት 28፦ የድል በዓላችን ሁለት ቀኖች



መንግሥት ከዓመቱ ቀኖች መካከል ጥቂቶቹን ለይቶ «በእነዚህ ቀኖች መሥሪያ ቤት ይዘጋ፤ ሠራተኛም ከነደመወዙ ይረፍ» ብሎ በነጋሪት ጋዜጣ ሲያውጅ፣ ነገሩ ተራ የአስተዳደር ጉዳይ መስሎ ይታያል። አብዛኛውም ሰው ስለ በዓል የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ነገ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በበዓል ዋዜማ ወደ ራዲዮ ጣቢያ በስልክ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ የሚያውቀው በጣቢያው የሚሠራ ሰው ነው። ዳሩ ግን ከዚህ ጥያቄ በስተኋላ ሌላ ከፍ ያለ ጥያቄ ቆሞአል። ቀኑን የመረጠው ማን ነው? ሌሎቹን ቀኖች ትቶ ይህን የመረጠውስ ስለ ምን ነው? ዛሬ በዚህ ዓምድ ለማውሳት ያሰብነው ይህንኑ ነው።

በአገራችን የሚከበሩት በዓሎች በጠቅላላው በሁለት ወገን ይመደባሉ። አንደኞቹ የሃይማኖት በዓሎች ናቸው። እነዚህን መንግሥት አልፈጠራቸውም፤ እርሱ ያደረገው ቢኖር ማወቅና ማክበር ብቻ ነው። መስቀል መስከረም 17 ቀን፣ ጥምቀትም ጥር 11 ቀን የሚውለው ሚኒስትር ፈርሞበት አይደለም። ልደት በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ አንድ ቀን ተስቦ ታኅሣሥ 28 ቀን የሚውለው ያለፈው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን አድርጎ ስላሳለፈ ነው፤ ይህንም የሚቆጥሩ ሊቃውንቱ ናቸው። ስቅለትና ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ይወጣሉ። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ደግሞ በጨረቃ የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ የጨረቃ ዓመትም ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ፣ በየዓመቱ እየቀደሙ ክረምትና በጋን ይዞራሉ። ስለ እስልምና በዓሎች ግን ኋላ የምንመለስበት ጉዳይ አለና ለጊዜው እንለፈው።

ሁለተኞቹ የመንግሥት በዓሎች ናቸው። እነዚህኞቹ የተወለዱበት ቀን ይታወቃል፤ ብዙዎቹም የሞቱበት ቀን ይታወቃል። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሐምሌ 16 የንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ ጥቅምት 23 ደግሞ የዘውድ በዓል እንደ ነበረ አይረሳውም። ሁለቱም ከዘውዱ ጋር ወረዱ። በእነርሱ ፋንታ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የአብዮት በዓል ሆነ፤ ከእንቁጣጣሽ ማግስት ስለ ዋለም ከ1967 በኋላ የነበረው ትውልድ አዲሱን ዓመት ሁለት ቀን አከታትሎ በማረፍ ይቀበል ነበር፤ አንዱን ቀን በአደይ አበባ፣ ሁለተኛውን በሰልፍ። በ1983 ዓ.ም. መስከረም 2 በተራው ከሰሌዳው ወጣና ግንቦት 20 ገባ። እርሱም ለብዙ ዓመታት በታላቅ ሰልፍና ንግግር ሲከበር ከቆየ በኋላ፣ ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ ድምቀቱ እየደበዘዘ ሄደ። እንግዲህ በዓል ያቆመው መንግሥት ሲያልፍ በዓሉም አብሮ ማለፉ የተለመደ ሆኖ እናየዋለን።

ነገር ግን ሦስቱን ሥርዓት ተሻግረው የቆዩ ሁለት በዓሎች አሉ፤ የዓድዋ ድልና የአርበኞች ድል። ከሁለቱም ዓድዋ ቀኑ ተነቅንቆ አያውቅም። አንድ ጦርነት፣ አንድ ቀን፣ እንዲያውም አንድ ረፋድ ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት። ንጉሡ ከጦሩ ጋር በሥፍራው ነበሩ፤ እቴጌይቱ ነበሩ፤ መኳንንቱና ባላገሩ ነበሩ። ስለዚህ በኋላ የመጣ ማንም ቢሆን ቀኑን ከሁለት ከፍሎ «ይኸኛው የንጉሡ፣ ያኛው የሕዝቡ» ለማለት አልተቻለውም። በዓሉ የት ይከበር በሚለው ላይ ክርክር ተነሥቶ ያውቃል፤ መቼ ይከበር በሚለው ላይ ግን አልተነሣም።

የሁለተኛው ጦርነት ድል ግን እንዲህ አይደለም። እርሱ አምስት ዓመት የፈጀ ድል ነው፤ ብዙ ግንባር፣ ብዙ አለቃ፣ ብዙም ቀን አለው። ከእነዚያ ሁሉ ቀኖች አንዱን መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ፣ የመረጠው ሰው ስለ ራሱ ሳይናገር ሊመርጥ አይችልም ነበር። በዓሉ ሁለት ጊዜ የተዘዋወረበትን ምክንያት ለመረዳት ታሪኩን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከማይጨው ጦርነት በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። ከተማይቱ በዝርፊያና በእሳት ስትታወክ ሰነበተች። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። ሙሶሊኒም ግንቦት 1 ቀን ከሮም ሰገነት ሆኖ አዲስ የኢጣልያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት መቋቋሙን ለዓለም አወጀ። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ ሚያዝያ 27 የጠላት የደስታ ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ በሁለት መንገድ ቀጠለ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤቱታቸውን አሰሙ፤ ከዚያም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተሰደው ተቀመጡ። በአገር ውስጥ ደግሞ ዱር ቤቴ ያለው አርበኛ ነበር። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይና ከሁሉ አስቀድሞ የተነሣው ኃይለ ማርያም ማሞ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህና መንገሻ ጀምበሬ፣ በጎንደር አሞራው ውብነህ፣ በደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ፣ ከሴቶቹም ሸዋረገድ ገድሌ፤ ይህን ስም ዝርዝር እዚህ ላይ የምናቋርጠው የጋዜጣው ዓምድ ስለሚጠብ እንጂ ስሙ ስላለቀ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ስንቅ የሚልክላቸው መንግሥት አልነበራቸውም፤ ጥይታቸው ከጠላት የተማረከ ነበር። ቤታቸው ይቃጠል፣ ከብታቸው ይነዳ፣ ዘመዶቻቸው ይታሰሩና ይገደሉ ነበር።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ የጠላትን ግዛት አውቆ የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት አሁን የኢትዮጵያ ወዳጅ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ካርቱም መጡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን በኢትዮጵያ መሬት ላይ ተከሉ። (የፖሊስ ስፖርት ክለብ ኦሜድላ መባሉ ከዚህ የመጣ ነው፤ ኳስ ተመልካቹ ሁሉ የስሙን ምንጭ ያውቀዋል ለማለት ግን አያስደፍርም።) ከእርሳቸውም ጋር ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው አነስተኛ ጦር ነበረ፤ የጎጃም አርበኞችም እየተቀበሉ አብረው ዘመቱ።

በዚሁ ጊዜ ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር በሞቃዲሾ፣ በጅጅጋ፣ በሐረርና በድሬዳዋ በኩል ይገሰግስ ነበር። በዚህ ጦር ውስጥ የደቡብ አፍሪካ፣ የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩበት። እነሆ፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ይህ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ኢጣልያኖች ከተማይቱን ያለ ውጊያ አስረከቡ። በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ገቡ። አንድ ቀን፣ ሁለት ከተማ፤ ንጉሡ በአንደኛው፣ ዋና ከተማይቱ በሌላ ሰው እጅ።

ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ወዲያው አልመጡም፤ እንዲመጡም አልተፈቀደላቸውም። የእንግሊዝ የጦር አለቆች በከተማይቱ ያሉት ብዙ ሺህ ኢጣልያውያን ሲቪሎች በሕዝቡ እንዳይበቀሉባቸው እንሰጋለን ይሉ ነበር። አንድ ወር ያህል በዚህ አለፈ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ወርደው፣ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በሺህ እየተቈጠሩ ጠጉራቸው እንደ ጎፈረ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው እየተቀበሏቸው፣ አዲስ አበባ ገቡ። ቀኑም ሚያዝያ 27 ነበር፤ ባዶሊዮ ከገባበት ቀን ልክ አምስት ዓመት።

ይህ አጋጣሚ ነው ለማለት ያስቸግራል። አስቀድሞ የጠላት የደስታ ቀን የነበረውን ቀን ወስዶ የራስ ማድረግ ብልህነት ነበር። ቀኑ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተገለበጠ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያ ቀን ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አጥብቀው አሳሰቡ፤ ይህም ለሕዝቡ የተነገረ ምክር ከመሆኑ በቀር፣ «ኢጣልያኖቹ ይጨፈጨፋሉ» እያሉ ላዘገዩዋቸው የእንግሊዝ መኮንኖች የተሰጠ መልስም ነበር።

ሚያዝያ 27 የጦርነቱ ፍጻሜ አልነበረም። በዚያ ዕለት የጠላት እንደራሴ የአኦስታው መስፍን በአምባላጌ ተራራ ላይ ገና ይዋጋ ነበር። ጎንደርም እጅዋን የሰጠችው ከብዙ ወራት በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከገቡ ከስድስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 3 ቀን፣ ሚኒስትሮቻቸውን ሲሾሙ፣ የእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ባለሥልጣን ብርጋዴር ላሽ ተቃወመ፤ ከኢጣልያ ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣናቸውን ሊይዙ አይችሉም የሚል ነበር ክርክሩ። በእንግሊዞች አቈጣጠር ኢትዮጵያ ገና ከጠላት የተያዘ ግዛት ነበረች። ይህ ነገር በመጠኑ የተቃለለው ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል ነው። እንግዲህ ሚያዝያ 27ን «የነፃነት ቀን» ብሎ መሰየም በዚያን ጊዜ የበዓል አከባበር ብቻ ሳይሆን የሥልጣን ጥያቄ ነበር። ነፃ የወጣነው ንጉሣችን በገባ ቀን ነው ማለት፣ ነፃ ያወጣን የካኒንግሃም ጦር አይደለም ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የቀኑ ምርጫ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ሚያዝያ 27 ሳይመልሰው የቀረ ጥያቄ ነበረ። ንጉሡ የተመለሱበት ቀን የድል ቀን ከሆነ፣ ሳይሄድ የቀረውና ሳይመለስ የቀረውስ? በዱር አምስት ዓመት የተዋጋው ሰው በየዓመቱ የሚያከብረው በዓል እርሱ የተዋጋበትን ሳይሆን ሌላው የመጣበትን ቀን ነበር። ይህ ቅሬታ በቃል ብቻ የቀረ አልነበረም። ከስደት የተመለሰው፣ በዱር የቈየውና ከጠላት ጋር ሠርቶ በመጨረሻው ሰዓት የተመለሰው ሦስቱ በአንድ ቢሮ በር ላይ ሹመት ሲጠብቁ፣ ማን ቀድሞ እንደ ገባ ያየ ሰው ቅሬታው ከምን እንደ መነጨ አያጣውም። ራስ አበበ አረጋይ በጦር ሚኒስትርነት ደረጃ ደርሰዋል። በጎጃም ጠላትን ያስጨነቀው በላይ ዘለቀ ግን በ1937 ዓ.ም. በራሱ መንግሥት ፍርድ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የአምስቱን ዓመት ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የድሉን በዓል ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ንጉሡ የተመለሱበት ቀን የበዓሉ እምብርት መሆኑ እንዲቀር መፈለጉ ግልጽ ነው። ሐሳቡ በመጀመሪያ ሲሰሙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የድሉን ባለቤትነት ከአንድ ሰው ወስዶ ለሕዝብ መስጠት የሚያስነቅፍ ነገር የለውም። ነገር ግን እስቲ ቀኑን አስተውሉት። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ማን ነበር? በላይ ዘለቀ አልነበረም፤ ገረሱ ዱኪ አልነበረም፤ የራስ አበበ ጦር እንኳ የከተማይቱን ቁልፍ የተቀበለ አልነበረም። የገባው በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ያለ ጦር ነበር። ኢምፔሪያሊዝምን በየቀኑ ሲያወግዝ የነበረ መንግሥት፣ ንጉሡን ከበዓሉ ለማውጣት ሲል የእንግሊዝ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ጦር የገባበትን ቀን የአርበኞች የድል በዓል አደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዞች የተሟገቱበትን ነጥብ ደርግ ሳይጠየቅ ለቀቀው ማለት ይቻላል። በእኛ አስተያየት የአርበኛውን ድካም የሚያስታውስ ቀን ቢፈለግ ኖሮ ከዱሩ ዘመን ውስጥ ይገኝ ነበር፤ መጋቢት 28 ግን የዱሩም አይደለም፣ የቤተ መንግሥቱም አይደለም።

ከደርግ ውድቀት በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፤ ዛሬም በዚያው ቀን ይከበራል። ያከባበሩ ሥፍራ አዲስ አበባ አራት ኪሎ፣ በቀኑ ስም በሚጠራው በሚያዝያ 27 አደባባይ፣ በድል ሐውልቱ ሥር ነው። ስሙ ግን አስቀድሞ ከነበረው የተለየ ዝንባሌ ይዞአል፤ ዛሬ የሚባለው የአርበኞች የድል በዓል ነው። ቀኑ የንጉሡ፣ ስሙ የአርበኛው ሆኖ ተስማምተው ይኖራሉ። ይህን ዕርቅ ያወጀ አዋጅ የለም፤ ጊዜ ያመጣው ነው።

አሁን ወደ ተውነው ጉዳይ እንመለስ። ስለ መንግሥት በዓል ሲነገር የትኛው ቀን ተመረጠ ከሚለው እኩል የሚከብደው፣ የማን ቀን ተዘለለ የሚለው ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ያቆማት ነበር። የበዓላቱም ሰሌዳ ከዚህ የተቀዳ ነበር። ከአገሪቱ ሕዝብ ብዙ ሙስሊም እያለ፣ የኢድ ቀን ለመንግሥት እንደ ሌላው የሥራ ቀን ይቈጠር ነበር። አባትየው ለሰላት ሲወጣ ልጅየው ወደ ትምህርት ቤት መሄዱ የማይቀር ነበረ ማለት ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ አደረጉ፤ ክርስቲያኖችም ደግፈው አብረው ወጡ። የእኩልነት ጥያቄ ካቀረቡባቸው ነጥቦች አንዱ በዓሎቻቸው በመንግሥት እንዲታወቁ ነበር። ሰው ለመሬት፣ ለደመወዝ፣ ለዳቦ ሰልፍ ሲወጣ የታየ ነው፤ ለቀን መውጣቱ እንግዳ የሚመስለው ካለ፣ በገዛ አገሩ የራሱ በዓል ሳይጠራ ዓመቱ ሲያልቅበት ያላየ ሰው መሆን አለበት። ጥያቄውም በከንቱ አልቀረም፤ ከመንግሥቱ ለውጥ በኋላ ኢድ አልፈጥር፣ ኢድ አልአድሐ (አረፋ) እና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆነው ታወቁ። ደርግ ካወጣቸው በዓሎች ብዙዎቹ ከእርሱ ጋር ሲያልፉ፣ እነዚህ ሦስቱ በኋላ በመጡትም መንግሥታት ሳይነኩ ቀጥለዋል። ያን ጊዜ የገባው የሠራተኞች ቀንም እንዲሁ እስከ ዛሬ አለ። የድሉን ቀን በማዛወር የተሳሳተው መንግሥት በዚህኛው በኩል ትክክለኛውን ነገር እንዳደረገ መመስከር ይገባል።

ከዚህ ወዲህ የሰሌዳው ጥያቄ በሌላ መልክ ቀጥሎአል። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየክልሉ እየተዘዋወረ ይከበራል። የሲዳማ ፍቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዓለም የባህል ቅርስነት ተመዘገበ፤ መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012፣ የሐረር ሹዋሊድም በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ተመዝግበዋል። የኢሬቻ በዓል በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳርቻና በአዲስ አበባ በብዙ ሕዝብ ይከበራል። ስለ እያንዳንዳቸው መናገር ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ይፈልጋል።

ከሁሉ የተለየ አንድ ቀን ቀርቶናል፤ የካቲት 12። በ1929 ዓ.ም. በዚህ ቀን ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ልጅ መወለዱን ምክንያት አድርጎ ድሆችን ሰብስቦ ምጽዋት ሲሰጥ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። እርሱ ቈስሎ ዳነ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመውን ግድያ፣ ሰዎች ከነቤታቸው መቃጠላቸውን፣ በአካፋና በዶማ መጨፍጨፋቸውን የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። የኢትዮጵያ መንግሥት በአቤቱታው ያቀረበው ቍጥር 30,000 ሲሆን፣ ነገሩን በቅርብ ዘመን መርምሮ የጻፈው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ያደርሰዋል። ይህ ቀን የድል ቀን አይደለም፤ የማንም መንግሥት የሥልጣን ቀንም አይደለም። በዚህ ቀን የሞተው አብዛኛው ሰው ስሙ አልተጻፈም።

የካቲት 12 ታስቦ ይውላል እንጂ መሥሪያ ቤት አይዘጋበትም። ታክሲው ይሠራል፤ ተማሪው ክፍል ይገባል። በስድስት ኪሎ ግን በሰማዕታት ሐውልት ዙሪያ በጠዋት ሰው ይሰበሰባል። ሐውልቱ በዩጎዝላቪያ መንግሥት የተበረከተ ነው፤ በጎኑም ላይ ሰውን ሲያስጨንቁ የነበሩት ቀኖች በነሐስ ተቀርጸው ይታያሉ። የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ የአርበኞች ማኅበር አባላት ሜዳያቸውን አድርገው ይቆማሉ። በ1933 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ መቶ ዓመት ያለፈው ነውና፣ ከቆሙት መካከል አብዛኞቹ የአባቶቻቸውንና የአያቶቻቸውን ሜዳይ ያደረጉ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ከሐውልቱ ማዶ ያለው ግቢ የጥንቱ ገነተ ልዑል ነው፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ነው። በውስጡም ፋሺስቶች የሠሩት አንድ ደረጃ እስከ ዛሬ ቆሞአል፤ ወደ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈውን አንድ ዓመት እንዲቈጥር ተብሎ የተሠራ ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ ደረጃው አልፈረሰም። በጫፉ ላይ፣ በመጨረሻው ዓመት ራስ ላይ፣ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል፤ ወደ ሙዝየሙ የሚገቡ ተማሪዎች በአጠገቡ ያልፋሉ።